ኳሷ ጫፍ ላይ ስትደርስ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ የፊዚክስ ደብተሯን ይዛ መጣች። ለፈተና እየተዘጋጀች ነው። አንድ ጥያቄ ተሳስተሻል ተብላ ኤክስ ተደርጎባታል፣ ለምን እንደሆነ ግን አልገባትም። ጥያቄው አጭር ነው። ኳስ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ተወረወረች፤ የመጨረሻው ከፍታ ላይ ስትደርስ አክስለሬሽኗ ስንት ነው? እሷ ዜሮ ብላለች። «አጎቴ፣ ኳሷ እኮ እዚያ ጋ ቆማለች። የቆመ ነገር ምን አክስለሬሽን አለው?»

ይሄን ጥያቄ በጣም ነው የምወደው። በቀጥታ መስመር ላይ ያለ እንቅስቃሴ የገባው ሰውና ፎርሙላውን የሸመደደ ሰው የሚለዩት እዚህ ጋ ነው። የልጅቷ ስህተት ደግሞ የብዙ ሰው ስህተት ነው፤ ቬሎሲቲንና (ወዴት በምን ያህል ፍጥነት እንደምትሄድ) አክስለሬሽንን (ቬሎሲቲው በየሰከንዱ በስንት እንደሚለወጥ) አንድ ላይ ጠቅልላ ነው የያዘችው።

እስቲ ከአማርኛችን እንጀምር አልኳት። «መኪናው ፈጣን ነው» እና «መኪናው እየፈጠነ ነው» አንድ ናቸው? አይደሉም። የመጀመሪያው አሁን ያለበትን ይነግርሻል። ሁለተኛው እንዴት እየተለወጠ እንዳለ። አንድ መኪና በጣም ፈጣን ሆኖ ምንም ላይፈጥን ይችላል፣ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ላይ መሪውን ቀጥ አድርጎ ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚሄድ ከሆነ አክስለሬሽኑ ዜሮ ነው። ሌላው ገና ከቆመበት መንቀሳቀሱ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ግን በደንብ እየፈጠነ ሊሆን ይችላል። አክስለሬሽን ያለው እዚያች «እየ» ውስጥ ነው። ፊዚክስ ደግሞ «እየቀነሰ ነው» የሚለውንም በዚሁ ስም ነው የሚጠራው። ቬሎሲቲው ከተለወጠ፣ ጨመረም ቀነሰም፣ አክስለሬሽን አለ። በአማርኛ ሽምጠት የሚሉትም አሉ፣ ሽምጥ መጋለብን ስለሚያስታውሰኝ ቃሉን እወደዋለሁ፣ ግን እሷ የለመደችው አክስለሬሽን ስለሆነ በእሱ ቀጠልን።

አሃዱም ራሱ ይናገራል። ቬሎሲቲ ሜትር በሰከንድ ነው፣ ይሄ ማንንም አያስቸግርም። «ሜትር በሰከንድ ስኩዌር» ሲባል ግን ሁሉም ግራ ይጋባል፣ ሰከንድን ስኩዌር ማድረግ ምን ማለት ነው? ምንም ሚስጥር የለውም። ቬሎሲቲው በየሰከንዱ በስንት ሜትር በሰከንድ ተለወጠ ማለት ብቻ ነው። «በሰከንድ» የምትለው ሁለቴ መጣች፣ ስኩዌሯ እሷ ናት።

አቅጣጫን ቶሎ ልለፈው። ፍጥነት አቅጣጫ አይጠይቅም፣ ቬሎሲቲ ይጠይቃል። ቀጥታ መስመር ላይ ያለው አቅጣጫ ሁለት ብቻ ስለሆነ አንዱን ፕላስ ሌላውን ማይነስ ብለን እንገላገላለን። 100 ሜትር ሮጦ ሄዶ 100 ሜትር ተመልሶ የተነሳበት ቦታ ላይ በ50 ሰከንድ የደረሰ ሰው አማካይ ፍጥነቱ 4 ሜትር በሰከንድ ነው፣ አማካይ ቬሎሲቲው ግን ዜሮ። ላቡ እየተንጠባጠበ ዜሮ ሲባል ያናድዳል፣ ግን ከተነሳበት ቦታ አንድ ሜትር እንኳ ፈቀቅ አላለም።

አማካይ ሲባል ደግሞ ብዙ ነገር ይደብቃል። ዩሴን ቦልት እ.ኤ.አ. በ2009 በርሊን ላይ 100 ሜትሩን በ9.58 ሰከንድ ሮጠ። ስናካፍለው 10.44 ሜትር በሰከንድ ይመጣል። ግን ሲነሳ ዜሮ ላይ ነበር፣ ከ60ኛው እስከ 80ኛው ሜትር ያለውን 20 ሜትር ደግሞ በ1.61 ሰከንድ ነው የጨረሰው፣ ይሄ ከ12.4 ሜትር በሰከንድ በላይ ነው። 10.44 የምትለው ቁጥር የሩጫውን መልክ አትነግረንም።

አሁን ወደ ኳሷ። ወረቀት አውጪ አልኳት። ወደ ላይ ፕላስ ነው፣ የመሬት ስበት ቬሎሲቲዋን በየሰከንዱ በ9.8 ሜትር በሰከንድ ይቀንሰዋል፣ ለሒሳብ እንዲቀልለን 10 እንበለው፣ የአየሩን ግጭት እንርሳው። ኳሷ ከእጅሽ በ20 ሜትር በሰከንድ ወጣች። ከአንድ ሰከንድ በኋላስ? 10 አለች። ከሁለት? ዜሮ። ከሦስት? ትንሽ አሰበችና ማይነስ 10 ብላ ጻፈች። ከአራት ማይነስ 20፣ እጇ ላይ ተመልሳ ገባች።

እስቲ ይሄን መስመር እይው። 20፣ 10፣ ዜሮ፣ ማይነስ 10፣ ማይነስ 20። እያንዳንዱ እርምጃ 10 ነው። ዜሮን ስታልፍም 10 ነው። ዜሮ እንደማንኛውም ቁጥር በመንገድ ላይ ያለች ቁጥር ናት፣ ኳሷ እዚያ ስትደርስ ስበት እረፍት አይወጣም።

ዝም አለች፣ ግን ፊቷ አልፈታም። ስለዚህ ቀረብ ብለን አየነው። በ1.9ኛው ሰከንድ ቬሎሲቲዋ 1 ሜትር በሰከንድ ወደ ላይ፣ በ2.1ኛው 1 ሜትር በሰከንድ ወደ ታች። በ1.99ኛው ገና ወደ ላይ እየወጣች ናት፣ 10 ሳንቲ ሜትር በሰከንድ፣ በ2.01ኛው መውረድ ጀምራለች። ታዲያ ስንት ጊዜ ነው የቆመችው? ምንም። ዜሮን ነክታ አለፈች እንጂ እዚያ የኖረችበት ጊዜ የለም። ከዚያ ዋናውን ጥያቄ ጠየቅኳት። አክስለሬሽኗ እዚያ ጫፍ ላይ በእርግጥ ዜሮ ቢሆንና ዜሮ ሆኖ ቢቀርስ? ቬሎሲቲዋ ዜሮ ነው፣ የሚለውጠው ነገር የለም። እንግዲህ ኳሷ 20 ሜትር ከፍታ ላይ ተንጠልጥላ ልትቀር ነው።

«ኦ!» አለች። ለዚያች «ኦ» ስል ቅዳሜዬን ሁሉ እሰጣለሁ።

ይሄ ነገር ቶሎ አለመግባቱ የማንም ጥፋት አይደለም። ጋሊሊዮ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1604 ለወዳጁ ለቬኒሱ መነኩሴ ለፓውሎ ሳርፒ በጻፈው ደብዳቤ ላይ የሚወድቅ ነገር ቬሎሲቲው ከወደቀው ርቀት ጋር እኩል ያድጋል ብሎ ነበር። ስህተት ነው። የሚያድገው ከጊዜው ጋር ነው። በኋላ ራሱ አርሞታል፣ በ1638 የታተመው መጽሐፉም ሙከራውን ይተርካል፤ ቀጥታ የሚወድቅ ነገር ለዓይን ስለሚፈጥን ቦይ የተቦረቦረበት ዘንበል ያለ እንጨት ላይ የነሐስ ኳስ አንከባለለ። ሰዓቱን የለካው ከትልቅ ዕቃ በቀጭን ቱቦ የሚወርደውን ውሃ አጠራቅሞ በሚዛን እየመዘነ ነው። ኳሱ በመጀመሪያው የጊዜ ድርሻ አንድ ርቀት ከሄደ፣ በሁለተኛው ሦስት፣ በሦስተኛው አምስት፣ በአራተኛው ሰባት ይሄዳል። ደምሩት፤ 1፣ 4፣ 9፣ 16። ጊዜው እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ነው። በውሃ ሚዛን እዚህ መድረሱን ሳስብ ሁሌም ይገርመኛል።

ይቺ አራት እጥፍ ፍሬን ላይም አለች፣ ሹፌር ሁሉ ቢያውቃት ደስ ይለኛል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ማለት ወደ 14 ሜትር በሰከንድ ነው። ፍሬኑ በየሰከንዱ 7 የሚቀንስ ከሆነ በ2 ሰከንድ ይቆማል፣ በመሃል ያለው አማካይ 7 ነው፣ ስለዚህ 14 ሜትር ይሄዳል። በ100 ኪሎ ሜትር ሲሆን 28 ሜትር በሰከንድ፣ 4 ሰከንድ፣ አማካይ 14፣ ርቀቱ 56 ሜትር። ፍጥነቱ እጥፍ ሆነ፣ የመቆሚያው ርቀት አራት እጥፍ። ሹፌሩ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርስ መኪናው የሚሄደው ገና አልተቆጠረም።

ከማይነስ ጋርም ትንሽ ተከራከርን። አክስለሬሽን ማይነስ ከሆነ ነገሩ እየቀነሰ ነው ብላ ይዛለች። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው፣ ግን ልክ አይደለም። መኪና ወደኋላ እየሄደ ነዳጅ ሲረገጥ፣ ወደፊት ፕላስ ካልን፣ ቬሎሲቲው ከማይነስ 2 ወደ ማይነስ 5 ሄደ። አክስለሬሽኑ ማይነስ ነው፣ መኪናው ግን እየፈጠነ ነው። የቬሎሲቲውና የአክስለሬሽኑ ምልክቶች ከተመሳሰሉ ይፈጥናል፣ ከተለያዩ ይቀንሳል። ኳሷም ስትወጣ ምልክቶቹ ይለያያሉ፣ ስትወርድ ይመሳሰላሉ፣ አክስለሬሽኗ ግን ሁሉንም ጊዜ ያው ማይነስ 10 ነው።

ሰውነታችን ደግሞ ይሄን ልዩነት ያውቀዋል። አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር እየሄደ ሻይ ትጠጫለሽ፣ ምንም አይሰማሽም። ሊፍት ግን ከዚያ ስንት ጊዜ ቀርፋፋ ሆኖ ሲነሳና ሲቆም ሆድሽን ሽው ያደርገዋል። የሚሰማን ቬሎሲቲው ሳይሆን ለውጡ ነው።

ደብተሯን ልትዘጋ ስትል ቆም አለች። «እሺ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ ያለች ኳስስ? እሷም ቬሎሲቲዋ ዜሮ ነው።» እዚያ አክስለሬሽኗም ዜሮ ነው አልኳት፣ አሁን ዜሮ፣ ከአንድ ሰከንድ በኋላም ዜሮ፣ የተለወጠ ነገር የለም። ጫፍ ላይ ያለችው ግን ከአፍታ በኋላ ሌላ ቁጥር ላይ ናት።

«መሬት መትታ ስትነጥርስ? እዚያም እኮ ለአፍታ ዜሮ ትሆናለች።»

ይሄን ሳልጠይቃት ራሷ አመጣችው። አብረን ሠራነው። በማይነስ 20 መትታ በፕላስ 15 ነጠረች፣ መሬቱን የነካችው ለሰከንድ መቶኛ ነው እንበል። ለውጡ 35 ነው፣ ለ0.01 ሲካፈል 3500 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር። ቁጥሩን ሁለቴ ቆጠረችው። ከዚያ አቅጣጫው ወደየት ነው ሳልላት ፊቱ ላይ ፕላስ አደረገችበት።