ነጭ ሰማይ፣ ጥቁር ረግረግ

ባለፈው ቅዳሜ ካነሳኋቸው 212 ፎቶዎች አራቱን መርጬ አስቀረሁ። አራት! አምና በዚህ ወር ከዚያ በላይ አንስቼ አንድም የሚረባ አልወጣኝም ነበር። ስለዚህ ይቺን የምጽፈው ትንሽ ለመኩራራትም ነው፤ ታገሱኝ።

የምኖረው ምዕራብ አየርላንድ፣ ጎልዌይ ነው። ሥራዬ የማታ ፈረቃ ነው። ቀን ሲተርፈኝ አሮጌ ካሜራዬን አንግቼ ወደ ኮኔማራ ገጠር እወጣለሁ። የማነሳው የገጠሩን ኑሮ ነው፤ የድንጋይ ካቡን፣ የከብት ገበያውን፣ ከሁሉም በላይ ግን ተርፍ። ተርፍ ማለት ከረግረግ መሬት እንደ ጡብ ተቆርጦ፣ ፀሐይና ነፋስ ላይ ደርቆ የሚነድ አፈር ነው። ጭሱ መጀመሪያ የሸተተኝ ቀን አያቴ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ኩበት አይደለም፣ ግን ዘመዱ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ስምንት ወራት ልዝለላቸው። በግ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ብቻዋን የቆመች ዛፍ፣ እንደገና በግ። ከዚያ ዙሙን ሸጥኩና አንድ የማያቀርብ የማያርቅ 35 ሚሊሜትር ሌንስ ገዛሁ። ዙም ሰው ያሰንፋል፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር ለመከራከር ዝግጁ ነኝ። ዝናብ ሲመጣ ካሜራው ላይ የሻወር ኮፍያ አጠልቅበታለሁ። ከዚህ የተሻለ መከላከያ አላየሁም፣ ዋጋውም ሳንቲም ነው።

ወደ ዋናው ጣጣ ልምጣ። ጣጣዬ ሰማዩ ነው። በምዕራቡ አንዳንድ ቦታ በዓመት 225 ቀን ያህል ይዘንባል። ሳይዘንብም ደመና አለ። ደመናው እንደ አገር ቤት ክረምት የጠቆረ አይደለም፤ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ነጭ አንሶላ ነው። ከሥሩ ያለው ረግረግ ደግሞ አተላ የመሰለ ጥቁር። ካሜራ ሁለቱን ባንዴ መያዝ አይችልም።

የካሜራው ላይት ሜትር፣ ማለትም ብርሃን መለኪያው፣ ሞኝ ነው። የሚያየው ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ መሆን ያለበት ይመስለዋል። ፍሬሙን ጥቁር አፈር ከሞላው ጨልሟል ብሎ ብርሃን ይጨምራል፤ አፈሩ አመድ ይሆናል፣ ሰማዩ ተቃጥሎ ባዶ ወረቀት ይሆናል። ፍሬሙን ሰማይ ከሞላው ደግሞ ብርሃን ይቀንሳል፤ ሰውየው ጥላ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ካፕ ያደረጉ ሽማግሌ ከሆኑማ በቃ፣ ከግንባራቸው እስከ አፍንጫቸው ጨለማ ነው።

ያልሞከርኩት የለም። ግማሹ የጠቆረ ፊልተር በ90 ዩሮ ገዛሁ። ለባሕር ዳር ጥሩ ነው። ሰው ከአድማሱ በላይ ብቅ ብሎ ሲቆም ግን ከሰማዩ ጋር ጭንቅላቱንም ያጠቁረዋል። አንዱን ጨለም፣ አንዱን መካከለኛ፣ አንዱን ደመቅ አድርጌ ሦስት ፎቶ አንስቼ ማዋሃድ ሞከርኩ፤ እየሠሩ ያሉ ሰው ሦስት እጅ አወጡ። አንድ ማታ ደግሞ፣ እዚህ መናዘዝ አለብኝ፣ በኮምፒውተር ሌላ ሰማይ ቀጠልኩበት። ቆንጆ፣ ሰማያዊ፣ ብጥስጥስ ደመና ያለው። ጠዋት ሳየው አፈርኩ። ዶክመንተሪ ነው የምሠራው እያለ ሰማይ የሚቀይር ሰው ካሜራውን ይሽጥ። እኔ አልሸጥኩም፣ ፎቶውን ግን አጠፋሁት።

መፍትሔው የመጣው ከብስጭት ነው። የተበላሹትን 60 ፎቶዎች አንድ ላይ ደረደርኩና ምን ያመሳስላቸዋል ብዬ አፈጠጥኩ። በ51ዱ አድማሱ ከሰውየው ወገብ በታች ነው። ማለትም ጎንበስ፣ ቁጭ እያልኩ ከታች ወደ ላይ ነው የማነሳው፤ ጀርባቸው ላይ ያለው ሁሉ ሰማይ ነው። ዕቃ ስገዛ የከረምኩት ጥፋቱ የቆምኩበት ቦታ ሆኖ ሳለ ነው።

ተርፍ በእጅ ሲቆረጥ እንዲህ ነው። አንዱ ከላይ ቆሞ ሽላን በሚሉት፣ ክንፍ ባለው ጠባብ አካፋ ወደ ታች ይቆርጣል። ሌላው ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ እርጥቡን ጡብ ይቀበልና ወደ ዳር ይወረውራል። እኔ ሁልጊዜ ጉድጓዱ ውስጥ ወርጄ ቆራጩን ጀግና ለማስመሰል ሽቅብ አነሳ ነበር። ጀግና አልሆነም። ነጭ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጥቁር ወረቀት ሆነ።

አሁን ከቆራጩ ጎን፣ ከላይ እቆማለሁ። ካሜራው ቁልቁል ነው የሚያየው። አድማሱ ከጭንቅላት በላይ ይሄዳል፣ ወይም ጭራሽ ከፍሬሙ ይወጣል። ጀርባው ረግረግ ሆነ፣ ቡናማ በቡናማ ላይ። ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ካሜራው የሚያስገባውን ብርሃን፣ ማይነስ 1 አደርጋለሁ፣ ጥቁሩ ጥቁር እንዲሆን። ያ የረገምኩት ደመና ከፍሬም ሲወጣ ደግ ብርሃን ሰጪ ነው፤ ለስላሳ፣ ጥላ የማይጥል። የቅዳሜዋ ምርጥ ፎቶ ላይ ገና የተቆረጠው ጡብ እንደ ቸኮሌት ያብረቀርቃል፤ አካፋው ያለፈበት ለስላሳ መስመር ይታያል፤ ጥጉ ላይ የያዙት ሽማግሌ የአውራ ጣት ጉድጓድ አለ።

ካፑስ? እሱም በከፊል ተፈታ። ከላይ ስቆም ከታች ያሉት ሽማግሌ ሊያናግሩኝ ቀና ይላሉ፤ ቀና ሲሉ ብርሃኑ ዓይናቸው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ አሁን ብዙ አወራለሁ። ስለ አየሩ፣ ስለ ኳስ፣ ስለ ማንኛውም ነገር። ለፎቶዬ ስል ለፍላፊ ሆኛለሁ። ዝም ያሉ ሰው ከሆኑ ግን ምንም መላ የለኝም።

ሽላን የያዘ ሰው ማግኘቱ ራሱ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። አሁን አብዛኛው በማሽን ነው የሚቆረጠው፤ በእጅ የቀረው በአብዛኛው ጡቦቹን አስደግፎ እያቆሙ ማድረቁ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2022 ጥቅምት መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ተርፍን በሱቅም በኢንተርኔትም መሸጥ ተከልክሏል፤ ለቤቱ የሚቆርጥ ይቆርጣል። ነገሩ ስሜት የሚነካ ነው። ካሜራ የያዘ እንግዳ ሲያዩ ከመንግሥት ነህ ወይ ብለው የጠየቁኝ አሉ። አንድ ቀን እምነት ላገኝ ብዬ ካሜራውን መኪና ውስጥ ትቼ ከጠዋት እስከ ማታ ጡብ ሳቆም ዋልኩ። ወገቤ ለአራት ቀን አልተቃናም። ፎቶ ደግሞ አንድም የለኝም፣ ካሜራው መኪና ውስጥ ነበራ!

ከአራት ፎቶ በላይ አለመውጣቱ ሲያናድደኝ የምጽናናበት ነገር አለኝ። አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ ዶሮቲያ ላንጅ በ1954 ለላይፍ መጽሔት እዚሁ ጎረቤት ክሌር ካውንቲ መጥታ ከ2400 በላይ ፎቶ አነሳች። መጽሔቱ ላይ የወጡት ጥቂት ናቸው። ያውም በፊልም፣ ያነሱትን እዚያው ማየት በሌለበት።

ሌላው ስህተቴ ማስታወሻ አለመያዝ ነው። ያለ ቦታና ቀን የተቀመጠ ፎቶ ጌጥ ነው። ይህን የምለው ሰው የአንድ ሙሉ በጋ ፎቶ የት መንደር እንዳነሳ አያውቅም፤ ዝርዝሩ የነበረበት ሃርድ ዲስክ ሞተ። ፎቶ አንሺው ኢየሱሳዊ ካህን አባ ብራውን በ1960 ካረፉ በኋላ 42 ሺህ ያህል ኔጋቲቮቻቸው በ1985 ሣጥን ውስጥ ተገኙ። የእሳቸው 25 ዓመት ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ደህና ወጣ፤ የእኔ ሁለት ዓመት አልሞላውም። አሁን ኪሴ ውስጥ ትንሽ ደብተርና እርሳስ አለ። እስክሪብቶ በዝናብ አይጽፍም።

አንድ ነገር ገና አልተዋጠልኝም። ከሽማግሌው ጀርባ ቀይ ትራክተር አለ። ወር ሙሉ ከፍሬም ላስወጣው ስታገል ከረምኩ፤ ባህላዊ ኑሮ ውስጥ ትራክተር ምን ይሠራል ብዬ። የቱሪስት ፖስትካርድ እንቃለሁ፤ ቀይ ፀጉር ያላቸው ልጆች፣ አህያ፣ ቅርጫት ሙሉ ተርፍ። እኔም ያንኑ እየሠራሁ ነበር፣ አህያዋ ብቻ ነው የጎደለችኝ። ቅዳሜ ሽማግሌው ጠሩኝና አንድ ፎቶ አንሳኝ አሉ። ሽላኑን የሚያነሱ መስሎኝ ተዘጋጀሁ። ሄደው ትራክተሩ ጎማ ላይ እጃቸውን አስደግፈው ቆሙ። ካፓቸውንም አወለቁ።

ከአራቱ አንዷ እሷ ናት። አሳትሜ ወስጄላቸው ወጥ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ሰቅለዋታል። በነሐሴ የደረቀውን ተርፍ ወደ ቤት ሲጭኑ እንድመጣ ጠርተውኛል። ትራክተሩን አጥቤ እጠብቅሃለሁ ብለዋል።