ያላበው ጠርሙስ

ነሐሴ ነበር። ጅማን በነሐሴ የኖረባት ያውቃታል። ጠዋት ያጠቡት ጋዋን ማታም እርጥብ ነው።

ላብራቶሪያችን የወባን ፕሮቲን ከደም ውስጥ የሚለይ የፋይበር ኦፕቲክ ሴንሰር እየሞከረ ነበር። በጊልገል ጊቤ ግድብ ዙሪያ ወባ እንግዳ አይደለችም፤ ለዚህ ነው ሥራውን ከልቤ የያዝኩት። ሴንሰሩ ብርሃን የሚያልፍበት የመስታወት ክር ነው፤ ውፍረቱ 125 ማይክሮሜትር፤ ከፀጉር ብዙም አይበልጥ። በተላጠው ጫፉ ላይ አንቲቦዲ፣ ማለትም ያንን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ሞለኪውል፣ እንለጥፋለን። አንቲቦዲው ፕሮቲኑን ሲይዝ ውስጥ ለውስጥ የሚያልፈው ብርሃን ይለወጣል።

አስቸጋሪው መለጠፉ ነው። አንቲቦዲ ባዶ መስታወት ላይ አጥብቆ አይቆምም። በመሃል ድልድይ ይፈልጋል። የኛ ድልድይ አፕቴስ የሚባል ሲላን፣ ማለትም መስታወት ላይ የሚያያዝ የሲሊከን ውህድ ነው፤ በአንድ ጎኑ መስታወቱን፣ በሌላው ግሉታራልዴሃይድ በሚባል አያያዥ ኬሚካል በኩል አንቲቦዲውን ይይዛል።

ሁለት ሳምንት አልሆነልንም። ሲግናል ይመጣል፣ ደስ ይለናል። ፒቢኤስ በሚባለው የጨው ማጠቢያ ፈሳሽ ስናጥበው አብሮ ይሄዳል። እኔ አንቲቦዲው መንገድ ላይ ተበላሽቷል ብዬ አዲስ እንዲታዘዝ ጻፍኩ። ያለቀው ጠብታ ሁሉ ያንገበግበኝ ነበር፤ ከውጭ የሚመጣ ውድ ነገር ነው።

አንድ ማታ ክሩን ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባሁት። ልሙጥ መሆን ሲገባው ስኳር የተነሰነሰበት መሰለ። ነጩን ቅንጣት በመርፌ ጫፍ ነካ ሳደርገው ተፈንቅሎ ወደቀ።

በማግስቱ ሲላኑን ከፍሪጅ አውጥቼ ክዳኑን ስይዝ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ቴክኒሻን እጄን ያዙኝ።

«ቆይ ልጄ፣ ጠርሙሱ አልቦታል እኮ! ሳይሞቅ ነው እንዴ የምትከፍቺው?»

እውነትም ውጪው ላብ በላብ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀዝቃዛ ጠርሙስ በከፈትኩ ቁጥር የጅማን እርጥበት ወደ ውስጥ ሳስገባ ነበር። አፕቴስ ውሃ ሲበዛበት መስታወቱን ትቶ እርስ በርሱ ይያያዛል። አንቲቦዲው በደንብ ተጣብቆ ነበር፤ የተጣበቀው ግን ሊረግፍ በተዘጋጀ ቅንጣት ላይ ነው። ቢቆይ እንኳ ብርሃኑ ከመስታወቱ ወለል አልፎ የሚደርሰው ጥቂት መቶ ናኖሜትር ብቻ ስለሆነ፣ በወፍራም ጉብታ ላይ የቆመ አንቲቦዲ ብዙም አይታየውም።

ያን ጠርሙስ አስወገድነው። አዲሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን፣ ቡና ተፈልቶ እስከ በረካው ተጠጥቶ፣ ላቡ ደርቆ የክፍሉን ሙቀት ሲይዝ ከፈትነው። የወሰድነውን ያህል ወስደን ደረቅ ናይትሮጅን ነፋንበትና ከደንነው። ክሩ ማይክሮስኮፕ ሥር ልሙጥ ሆኖ ታየ። ሦስቴ አጠብነው። ሲግናሉ አልሄደም።

ከሰዓት በኋላ የአንቲቦዲው ትዕዛዝ እንዲሰረዝ ጻፍኩ።