ሂሳብ የሚጠይቅ ተራራ

ሴምቡንጋን ውስጥ እንግዳ ሳሎን አይቀመጥም። ሳሎኑ አለ፤ ላስቲኩ ገና ያልተነሳለት ሶፋም አለ። ሰው ግን ያለው ወጥ ቤት ነው፣ ከሰሉ ዙሪያ። እኔንም ከነቦርሳዬ እዚያ አስገቡኝ። ዱካ ተሰጠኝ፣ ትኩስ ሻይና የተጠበሰ ድንች መጣ። ወንዶቹ ሳሮንጋቸውን እንደ ጋቢ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው እጃቸውን ያሞቃሉ። ወሬያችንን ግማሹን የቤቱ ትልቅ ልጅ በተማሪ ቤት እንግሊዝኛው፣ ግማሹን ስልኬ አስተረጎመልን።

መንደሯ ኢንዶኔዥያ ነው ያለችው፤ ማዕከላዊ ጃቫ ውስጥ፣ ዲየንግ በሚባለው አምባ ላይ ናት። ከፍታዋ 2,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጋር ትከሻ ለትከሻ ማለት ነው። በጃቫ ደሴት ከእሷ በላይ መንደር የለም ይላሉ፤ መግቢያዋም ላይ በትልቁ ተጽፏል። ሐምሌ ነበር። እኛ ጋ ዝናቡ ሲያንዶለዱል እዚያ ደረቅ ወቅት ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሌሊቱ አጥንት የሚሰብር።

አብዛኛው ጎብኚ የሚመጣው ሲኩኒር የሚባለው ኮረብታ ላይ ሆኖ ፀሐይ ስትወጣ ለማየት ነው። እኔም ወጣሁ። የሲንዶሮ ተራራ ፊት ለፊት ይታያል፣ ራቅ ብሎ ሜራፒና ሜርባቡ። ያምራል፤ አልዋሽም። ግን ጨለማው ውስጥ ሰልፍ ይዘህ ነው የምትወጣው፣ ጫፍ ላይ ደግሞ የምታየው የፀሐይን ያህል የሰው ስልክ ነው። ፎቶው በየቦታው ሞልቷልና ስለሱ ይብቃኝ።

ስወርድ ነጋ። ያኔ ነው ድንቹን ያየሁት።

ድንች በየትም አገር አይቻለሁ፤ እንዲህ ግን አላየሁም። ገደል የሚመስለው ዳገት ሁሉ እስከ አናቱ ታርሷል። መደቡ ጥቁርና ብርማ ላስቲክ ለብሶ ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። በየጥጉ የዶሮ ፋንድያ በጆንያ ተቆልሏል፤ ሽታው ገና ከመንገድ ይቀበልሃል። ከመንደሩ ጎን ካለው ቼቦንግ ሐይቅ ውሃ የሚስቡ ቱቦዎች ዳገቱን እንደ ሐረግ ይዘውታል። አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። ትልሙ ዳገቱን አግድም አያቋርጥም። ከላይ ወደ ታች፣ ቁልቁል ነው የወረደው።

ደጋ ያደገ ሰው ይህን ሲያይ ዝም ማለት አይችልም። ማታ ከሰሉ ዙሪያ አባወራውን ጠየቅሁት፦ አፈሩ አይሄድባችሁም?

«ይሄዳል» አለ፣ ምንም ሳይደብቅ። «አግድም ካረስኩት ግን ውሃ ይተኛበታል። ውሃ የተኛበት ድንች ይበሰብሳል።»

አለቀ። እሱ ድንቹን ያተርፋል፣ ዝናቡ አፈሩን ይወስዳል። የሚሄደውም ሩቅ አይደለም። ከፊሉ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። የሴራዩ ወንዝ መነሻም ይኸው አምባ ነው፤ ታች ወንዙ ላይ የተሠራው የምሪቻ ግድብ ሐይቅ በደለል እየሞላ ነው።

ከድንች በፊት እዚህ የሚታወቀው ትንባሆ ነበር። ድንቹ በፈረንጅ 1980ዎቹ ተስፋፋ፣ ገንዘብም አመጣ። የብሎኬት ቤት የተሠራው፣ መካ የተሄደው፣ ልጅ ከተማ ሄዶ የተማረው በእሱ ነው። ዛሬ ግን መሬቱ ደክሟል። ድሮ ያለ ብዙ ወጪ ይሰጥ የነበረው አሁን ተጨማሪ ፋንድያ፣ ተጨማሪ መድኃኒት ይጠይቃል። «ዛፍ ትከሉ ይሉናል» አለ አባወራው። «ዛፍ ስንት ዓመት ይፈጃል? ድንች በአራት ወር ይደርሳል።» ይህን ክርክር ወሎም ጎጃምም ሰምቼዋለሁ። ከከተማ የሚመጣ ሰው ስለ አፈር ሲሰብክ ትክክል ነው፤ ገበሬው ስለ አራት ወር ሲያወራም ትክክል ነው። መካከል ላይ ገንዘብ የሚያስቀምጥ ካልመጣ ዳገቱ እንዲሁ እየተላጠ ይኖራል ባይ ነኝ።

ውርጩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በሐምሌና በነሐሴ አንዳንድ ሌሊት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሜዳው ነጭ ይለብሳል። ኢንዶኔዥያ ሞቃት አገር ናትና ውርጭ ወረደ ሲባል የከተማው ሰው መኪና አስነስቶ ሊያየው ይመጣል። ገበሬው ግን ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ቅጠሉ ላይ ውሃ ይረጫል፣ በረዶው ሟሙቶ ፀሐይ ከመምታቷ በፊት እንዲለቅለት። ያልደረሰበት ቅጠል ረፋዱ ላይ የፈላ ውሃ የፈሰሰበት ይመስላል፤ ይጠቁራል፣ ይረግፋል።

ከሁሉም የከበደኝ የጋዙ ታሪክ ነው። ዲየንግ ያለው እሳተ ገሞራ ላይ ነው። ጭቃ የሚፈላበት ጉድጓድ አለ፣ በድንች ማሳ መካከል የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ ቱቦ ያልፋል፣ ሰው ለምዶታል። በየካቲት 1979 (በፈረንጅ) ሲኒላ የሚባለው ጉድጓድ ሌሊት ፈነዳ። የኬፑቹካን መንደር ሰዎች ፍንዳታውን ሸሽተው በጨለማ ሮጡ። የሮጡበት አቅጣጫ ግን ከመሬት የወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተኝቶበት ነበር። ይህ ጋዝ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ያለ ቦታ ይሞላል። ወደ 150 የሚጠጉ ሰዎች መንገድ ላይ አለቁ። መንደሩ ዛሬ የለም። ወጣቱ ልጅ ታሪኩን ሲነግረኝ ድምፁን እንኳ አልለወጠም። ትምህርት ቤት ስለሚማሩት ይሆናል፣ እንጃ። እኔ ግን ያን ቀን ከሰዓት ዝቅ ያለ ቦታ ባየሁ ቁጥር እግሬ ይይዘኝ ነበር።

ቤተ መቅደሶቹንም አይቻለሁ። አርጁና የሚባለውን ጨምሮ ትናንሽ የድንጋይ የሂንዱ መቅደሶች ናቸው፤ ከሰባተኛውና ከስምንተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተሠሩ፣ ጃቫ ላይ ከቆሙት ሁሉ እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት። አሁን ሕዝቡ ሙስሊም ነው። መቅደሶቹ ሣር ላይ ቆመዋል፣ አዛን ሲሰማ አልፎባቸው ይሄዳል።

ከዚህ ሁሉ ግን የቤቱን ትንሽ ልጅ ነው የማስታውሰው። አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ፀጉሯ ማንም ሳይገምደው ተገምዶ ማጅራቷ ላይ ወርዷል። ዲየንግ ላይ እንዲህ ያሉ ልጆች አሉ። ሲወለዱ ፀጉራቸው እንደማንኛውም ሰው ነው። ከዚያ በሕፃንነታቸው ኃይለኛ ትኩሳት ይይዛቸዋል፤ ትኩሳቱ ሲለቅ ፀጉሩ መጠላለፍ ይጀምራል። ኮሎዴቴ ከሚባለው ጥንታዊ አባት የወረደ ነው ብለው ያምናሉ። ዝም ብሎ አይቆረጥም። ልጁ ራሱ ቁረጡልኝ እስኪል ይጠበቃል፣ ለመቆረጡም የሚፈልገውን ነገር ይጠይቃል። ያ ነገር ያለ ምንም ማጉደል መቅረብ አለበት። ካልቀረበ ፀጉሩ ተመልሶ ይጠላለፋል፣ ልጁም ይታመማል ይባላል። ሲሟላለት በጸሎት ይቆረጥና ፀጉሩ ውሃ ላይ ይለቀቃል።

አያቷን አንዳንዱ ልጅ ምን እንደሚጠይቅ ጠየቅኋቸው። ፍየል ይላሉ፣ ብስክሌት ይላሉ፣ አንዳንዱ አንድ እንቁላል ብቻ ብሎ ቤተሰቡን ይገላግላል። የእሳቸዋ ገና አልወሰነችም። አንድ ቀን ዳክዬ ትላለች፣ በማግስቱ ትረሳዋለች። አባቷ የድንች ዋጋ ሳይወርድ ብትወስን ደስ ይለው ነበር፣ ሳቀ።

እኔም ጨዋታ መስሎኝ ወደ ልጅቷ ዞሬ «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?» ልላት ስልኬን አውጥቼ መጻፍ ጀመርኩ። ልጅቷ ስልኩን አየች። አያቷ ልጅቷን አዩዋት። ከዚያ እጄን ያዝ አድርገው የሆነ ነገር አሉኝ። ልጁ እየሳቀ ተረጎመልኝ፦

«አይጠይቋት ይላሉ። ይህን ስልክ ካለች ማን ይከፍላል?»

ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።