የቡሄ ማግስት

ነሐሴ 14

ትናንት ቡሄ ነበር። ዛሬ በየቴሌግራሙ «ውሻችን ጠፋ» የሚለው ማስታወቂያ ቢበዛ አይገርምም። ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት ስለሚያልፍ ነው። ለልጆቹ ጨዋታ፣ ለእኛ የልጅነት ትዝታ ነው። ውሻ ግን የሰው ጆሮ ከሚደርስበት እጥፍ በላይ የቀጠነ ድምፅ ይሰማል፤ ጩኸቱ ከየት እንደመጣና መቼ እንደሚደገም አያውቅም። ሰንሰለቱን ይበጥሳል፣ ወይም እንግዳ ሲገባ በተከፈተው በር ሾልኮ ይወጣል። ወር ሳይሞላ ደግሞ እንቁጣጣሽ ይመጣል፣ ከዚያ የደመራ ማታ ርችት።

ስለጠፋ ውሻ አፈላለግ የምናነበው አብዛኛው ምክር ከውጭ የተቀዳ ነው። መጥፎ አይደለም፤ የአዲስ አበባን ውሻ ግን አያውቅም። እዚህ የማሰፍረው በዋናነት ያ የጎደለውን ነው።

ውሻ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚወጣው ባለቤቱ ነው። መኪና አስነስቶ፣ መስኮት ዝቅ አድርጎ፣ ስም እየጠራ ይዞራል። መውጣት ያለበት ግን ውሻው የሚያውቀው ሰው ነው፤ በብዙ ግቢ ደግሞ ያ ሰው ባለቤቱ አይደለም። ማታ የሚፈታው፣ ጠዋት የሚያስረው፣ ትርፍራፊውን የሚሰጠው ጥበቃው ነው፤ አለዚያም የቤት ሠራተኛዋ። ባለቤቱ «ሬክስ» ብሎ የሰየመው ውሻ ጥበቃው ዘንድ «ቡቺ» ሊሆን ይችላል፣ ዞር የሚለውም ቡቺ ሲባል ነው። ስለዚህ ባለቤቱ በር ይጠብቅ፣ ጥበቃው ይውጣ። አዘውትሮ የሚደረገው ተቃራኒው ነው።

ሰዓቱም ለውጥ ያመጣል። የደነገጠ ውሻ ቀን ቀን ይደበቃል፤ ጅምር ሕንፃ ውስጥ፣ የቆመ መኪና ሥር፣ የወንዝ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ፣ በክረምት ደግሞ ጎርፍ ሊመጣበት በሚችል ቱቦ ውስጥ። ወጣ የሚለው ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ባለው ጊዜ፣ ታክሲ ሳይበዛ ነው። በዚያ ሰዓት ባትሪውን ከወገብ በታች ይዞ ማብራት ብዙ አይጠቅምም፤ ከዓይን አጠገብ፣ ጉንጭ ላይ ተይዞ ሲበራ ነው የውሻው ዓይን ብርሃኑን መልሶ ለሚፈልገው ሰው የሚያሳየው። በከተማዋ ዳርቻ ጅብ ስለማይጠፋ ሁለት ሆኖ መውጣት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚበላሸው ግን ውሻው ከታየ በኋላ ነው። «ያው! ያዘው!» ይባላል፣ ልጆች ይሮጣሉ፣ ውሻው ሦስት ሰፈር ያልፋል። የደነገጠ ውሻ የባለቤቱን ድምፅ እንኳ ከአባራሪ ድምፅ ላይለየው ይችላል። ከውጭ የሚመጣው ምክር «ዝቅ በሉ፣ በርከክ በሉ» ይላል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የእኛ አገር ውሻ ድንጋይ ያውቃል። ሰው ድንገት ጎንበስ ካለ ድንጋይ ሊያነሳ ነው ብሎ ይፈረጥጣል፤ ድንጋይ በሌለበት አስፋልት ላይ እንኳ። ስለዚህ ዝቅ ማለቱ ትክክል ነው፣ ግን ውሻው እያየ አይደለም። 20 ወይም 30 ሜትር ርቆ፣ ውሻው ሌላ ነገር ሲያይ ቀስ ብሎ መቀመጥ፤ ትከሻን ማዞር፣ ዓይን ዓይኑን አለማየት፣ ስልክ አንስቶ ፎቶ ለማንሳት አለመሞከር። እጅ ሲወነጨፍም ድንጋይ ስለሚመስለው ምግቡን ከታች፣ መሬት ለመሬት ማንከባለል ይሻላል።

ምግቡ ሳምባ ቢሆን እመርጣለሁ። ርካሽ ነው፣ ሽታው ሩቅ ይሄዳል፣ አብዛኛው የግቢ ውሻም ለምዶታል። ጥሬውን ግን አይሆንም። በከብትና በበግ ሳምባ ላይ ውሃ የቋጠረ የትል እጢ የተለመደ ነው፤ ውሻው ያንን ሲበላ ትሉን ይይዝና ለሰው የሚያስተላልፈውን እንቁላል ያወጣል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መቀቀል፣ አውራ ጣት በሚያህል መቆራረጥ፣ ሩብ ኪሎ ይበቃል። የመጀመሪያው ቁራጭ ከውሻው ጎን ይውደቅ እንጂ ፊቱ ላይ አይሁን። የሚቀጥለው ትንሽ ቀረብ ይበል። ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ በመጀመሪያው ቀን ላይሳካም ይችላል። በማግስቱ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት። ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚባለው እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል፤ ሁለት ቀን የበላበትን ቦታ በሦስተኛው ቀን ቀድሞ መጥቶ ይጠብቃል።

አንድ ነገር ግን አልመክርም፦ ምግብን ከግቢው በር ውጭ አስቀምጦ ማደር። የሚመጡት የሰፈሩ ውሾች ናቸው፤ እነሱ በር ላይ ከሰፈሩ የጠፋው ውሻ ወደ ገዛ ቤቱ መጠጋት ያቅተዋል። የተኛበት ጨርቅ ወይም ሳይታጠብ የዋለ የጥበቃው ካፖርት በር ላይ ቢውል ይሻላል፣ በሩንም ገርበብ አድርጎ ነቅቶ መጠበቅ።

ለማሰር ሁለት ሜትር የሚሆን፣ ጣት የሚያህል ለስላሳ ገመድ ይያዝ። ሲባጎ እጅም አንገትም ይቆርጣል። ጫፉ ላይ ቀለበት ሠርቶ ሌላውን ጫፍ በቀለበቱ ማሳለፍ፣ ከመታነቁ በፊት የሚያቆም ቋጠሮ ደግሞ መሐል ላይ ማድረግ። የአንገቱን ቀበቶ ብቻ መያዝ አያስተማምንም፤ የፈራ ውሻ ወደ ኋላ ሲጎትት ጭንቅላቱን ያሾልካል፣ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ አይጠጋም።

ማስታወቂያውን በተመለከተ፣ የቴሌግራም ፖስት የሚደርሰው ስልክ ለያዘ ሰው ነው። ውሻውን የሚያየው ግን ንጋት ላይ መንገድ የሚጠርገው የጽዳት ሠራተኛ፣ ቁራሌው፣ ሊስትሮው፣ የሌሊት ጥበቃው ነው። በቅድሚያ ከጠፋበት አንድ ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያሉትን በቃል ማነጋገር፣ ከዚያ ወረቀት። ቦታው የታክሲ ማዞሪያ፣ የቆሻሻ ገንዳ አጠገብ፣ ስጋ ቤት በር። (በዐቢይ ጾም ብዙ ስጋ ቤት ስለሚዘጋ አጥንት ፈላጊ ውሾች ቦታ ይቀይራሉ፤ ያኔ ገንዳውን ማስቀደም ነው።) ወረቀቱ ኤ3 ይሁን፣ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ላለ ሰው የሚነበብ፦ «ውሻ ጠፋ። ጥቁር፣ ደረቱ ነጭ። አያባርሩት፣ ይደውሉ።» ከታች ስልክ፣ ሌላ ነገር አያስፈልግም። በክረምት የኢንክጄት ቀለም ይፈስሳል፤ ፎቶ ኮፒ ወይም ሌዘር ይሻላል። ወረቀቱ የሚገባበት ፕላስቲክ አፉ ወደ ታች ይሁን፤ ወደ ላይ ከሆነ ውሃ ይቋጥርና በአንድ ሌሊት ያበቃለታል።

«ላገኘልኝ ወሮታውን እከፍላለሁ» ማለት ይበቃል። የብሩ መጠን ከተጻፈ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ማባረር ይጀምራል፤ ደዋዩም ይበዛል። «ተገኝቷል፣ እኔ ጋ ነው፣ የታክሲ በቴሌብር ላኩልኝ» የሚል ስልክ የተለመደ ነው። ለዚህ ነው አንድ ምልክት ከማስታወቂያውም ከፎቶውም ውጭ የሚቀረው፤ የኋላ እግር ውስጥ ያለ ጠባሳ፣ የተሰበረ ጥርስ፣ ሆዱ ላይ ያለ ነጭ ነጥብ። «ይቅርታ፣ የግራ ኋላ እግሩ ውስጥ ምን ይታይዎታል?» ሲባል የሚንተባተብ ሰው ውሻው የለውም።

ይኸው ለአግኚውም ይሠራል። የተገኘ ውሻ ፎቶ ሲለጠፍ ጾታው ወይም የአንገት ቀበቶው ቀለም ቢቀር፣ «የእኔ ነው» ባዩን ከዚያ መጠየቅ ይቻላል። የክትባት ደብተርና ከመጥፋቱ በፊት የተነሳ ፎቶ ይጠየቅ። ውሻው ጭራውን ስለቆላ ብቻ አይሰጥም፤ የራበው ውሻ ለማንም ይቆላል። ፈረንጅ ዝርያ ከሆነማ ለመሸጥ የሚፈልገው ብዙ ነው።

አግኚው ውሻውን ከማሰሩ በፊት የሚያየው ሌላ ነገር አለ። ሴት ከሆነችና ጡቷ ወተት የያዘ ከሆነ አትታሰር፤ የሆነ ቦታ ቡችሎች እየጠበቋት ነው። አብልቶ ከርቀት መከተል ነው የሚበጀው።

እብድ ውሻ በሽታ ባለበት አገር ደግሞ ደግነት ብቻውን አደጋ ነው። ምራቁ የሚዝረከረክ፣ መንጋጋው የተንጠለጠለ፣ ጩኸቱ የሻከረ፣ ያገኘውን እንጨትና ድንጋይ የሚነክስ ውሻ አይያዝም፤ ሰው ይራቅ፣ የሚመለከተው ይጠራ። ንክሻ ከደረሰ፣ ጭረት እንኳ ቢሆን፣ በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ። ውሻው ጤነኛ ቢመስልም ለ10 ቀን ታስሮ ይታይ፤ ክትባቱን ግን ያንን ጠብቆ ማዘግየት አይገባም። በሽታው በሰው ላይ ምልክት ካሳየ በኋላ መመለሻ የለውም ማለት ይቻላል።

ማይክሮቺፕ የሚባለው ነገር እዚህ ብዙም አልተለመደም። ከውጭ በመጡ ውሾች ላይ ግን ይገኛል። ሩዝ የምታህል ናት፣ በትከሻዎቹ መሐል ከቆዳ ሥር ትቀበራለች፣ ባትሪ የላትም፣ ውሻው የት እንዳለም አትናገርም። ማንበቢያ ሲጠጋት 15 አሃዝ ብቻ ትሰጣለች። ማንበቢያ ያለው የእንስሳት ክሊኒክ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ነው። ቺፗ ወደ ክንዱ ልትንሸራተት ስለምትችል ከአንገት እስከ ሁለቱም ክርን ቀስ ብሎ ይታይ። የመጀመሪያዎቹ 3 አሃዞች 276 ከሆኑ ጀርመን፣ 376 ከሆኑ እስራኤል፤ 900ና ከዚያ በላይ ከሆኑ የአምራች መለያ ናቸው። የሚያስቸግረው ከቁጥሩ ጋር የተመዘገበው ስልክ ባለቤቱ ትቶት የመጣው አገር ስልክ መሆኑ ነው።

የተመለሰ ውሻ በአንዴ ጠግቦ አይብላ፤ ቀናት የራበው ከሆነ የቀኑ ምግብ ለአራት ይከፈል። መዥገርና ቁንጫው ይታይ፤ ተነክሶ ከሆነ ሐኪም ዘንድ ይሂድና የእብድ ውሻ ክትባቱ ይደገም። ከሳምንታት በኋላ ከብልቱ ደም የሚያንጠባጥብ ከሆነ «ቁስል ነው» ተብሎ አይተው፤ በመንገድ ውሾች መሐል በግንኙነት የሚተላለፍ እባጭ አለ፣ ቪንክሪስቲን በሚባል መርፌ በደንብ ይድናል።

ለእንቁጣጣሽ 3 ሳምንት ቀርቷል። ማህተም የሚቀርጹ ሱቆች ትንሽ የብረት ሳህን ላይ ቁጥር ይጽፋሉ፦ ሁለት ስልክ፣ አንዱ ሲዘጋ ሌላው እንዲነሳ፣ የውሻው ስም ግን ባይጻፍ ይሻላል። ቀበቶው ከአንገቱ ጋር ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ ይሁን። የበሩ መቀርቀሪያም ዛሬ ይታይ፤ ዝናቡ እንጨቱን አሳብጦት ከሆነ የተዘጋ ይመስላል እንጂ አይዘጋም።