ሰልቃጭ፣ ቆርጣሚ፣ ላሽ

እኩለ ሌሊት አልፏል። እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። የሆንኩት ነገር የለም። ዝም ብሎ ይከፋኛል፣ ምክንያቱን ልፈልግ ስል ደግሞ ምክንያቱ ይሸሸኛል። ቤቱ ጭር ብሏል፣ ከአንድ ድምፅ በቀር። ከአልጋዬ ግርጌ፣ ጨለማው ውስጥ፣ ቀርጨጭ ቀርጨጭ ቀርጨጭ።

ዳማ ነው። የሆነ ነገር ይዟል።

ድምፁ ሲቀጥል ያሳብዳል፣ ሲቆም ይብሳል። ውሻ ያሳደገ ሰው ያውቀዋል፤ የሚያስደነግጠው ድንገት የሚመጣው ዝምታ ነው። ጨረሰው? ዋጠው? ታነቀ? ዘልዬ ተነሳሁና የስልኬን መብራት አበራሁ። ዳማ የፊት እግሮቹ መሃል አንድ የናይለን አጥንት አቅፎ "ምነው፣ ምን አጠፋሁ?" በሚል ዓይን ያየኛል። ጥዬዋለሁ ያልኩት አጥንት ነው። ከሶፋው ሥር ይሆናል ያገኘው። በአውራ ጣቴ ጥፍር ተጫንኩት። ስርጉድ እንኳ አላለም። ነጠቅኩት ልል ነበር፣ ግን አልነጠቅኩትም፣ ሌላ የሚጥም ነገር አምጥቼ ለወጥኩት። እዚህ ቤት መንጠቅ ክልክል ነው። አንዴ የተነጠቀ ውሻ በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጪ ሲያይ ቶሎ ይውጠዋል።

እንቅልፉ እንደሁ አልመጣም፣ የሦስቱን ውሾቼን የማኘኪያ ቅርጫት አምጥቼ ወለሉ ላይ ዘረገፍኩት። ጎማው፣ ገመዱ፣ የደረቀ ቆዳው፣ ግማሹ የተላጠ የቴኒስ ኳስ፣ ከየት እንደመጣ የማላውቀው አንድ የእግር ሹራብ። ይሄን ሁሉ ማን ገዛው? እኔ ነኛ።

ዳማ ቆርጣሚ ነው። የሰጠሽውን ሁሉ ወደ ኋላ መንጋጋው ወስዶ ቀጭ ያደርገዋል፣ ምን እንደሆነ የሚያጣራው ከዚያ በኋላ ነው። አምና የአጋዘን ቀንድ ገዝቼለት ነበር። የተፈጥሮ ነው፣ አይሰነጠቅም፣ ለወራት ይቆያል ተብሎ። እውነት ነው፣ ቀንዱ አልተሰነጠቀም። የተሰነጠቀው ጥርሱ ነው። የላይኛው ትልቁ መንጋጋ፣ ከጎኑ እንደ ገል ተፈልጦ።

ያወቅኩት ደግሞ በሳምንቱ ነው። አልጮኸም፣ መብላትም አላቆመም። በአንድ ጎኑ ብቻ ማላመጥ ጀመረ፣ በቃ፣ ምልክቱ ይሄው ነበር። እኔ "አንገቱን ዘመም ሲያደርግ ሲያምር!" ብዬ ፎቶ አንስቼዋለሁ። ፎቶው አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። አላጠፋሁትም፣ ለቅጣቴ ነው።

ሐኪሟ አፉን ከፍታ አሳየችኝ። ትልቅ ውሻ 42 ጥርስ አለው፣ ያ የተፈለጠው ከዋናዎቹ አንዱ ነው፣ 3 ሥር ያለው፣ ከታችኛው ጋር እንደ መቀስ እየገጠመ የሚቆርጥ። የውሻ መንጋጋ ወደ ላይና ወደ ታች እንጂ እንደኛ ወደ ጎን እየሄደ አይፈጭም፣ ስለዚህ ያ ሁሉ ጉልበት አንድ ቦታ ላይ ያርፋል። የጥርሱ የላይኛው ልባስ ደግሞ ከኛ የሳሳ ነው። ነርቩ ከተጋለጠ ወይ የሥር ሕክምና ነው ወይ መንቀል። ነቀልነው። ጥርስ የነቀሉበት ሙያ ሲባል እሰማ ነበር፣ ዳማ ግን እውነቱን ነው፣ ነቀለበት።

"ከእንግዲህ የምትሰጪውን ነገር መጀመሪያ ጉልበትሽን ምቺበት" አለችኝ። "ካመመሽ አትስጪው።"

ሳቅኩ። ቤት ስገባ ግን በዚያው ቀንድ ጉልበቴን መታሁት። ለ2 ቀን አነከስኩ።

አንድ ዘመዴ "ተኩላ ጫካ ውስጥ አጥንት ሲቆረጥም ማን ጉልበቱን መታለት?" ብሎ አሹፎብኛል። ተኩላም ጥርሱን ይሰብራል። ሐኪም ጋ የሚወስደው ስለሌለ ነው የማንሰማው።

ስለዚህ አሁን፣ በውድቅት ሌሊት፣ እዚህ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ እያንዳንዱን በጥፍሬ እጫናለሁ። የሚሰረጉድ ይቀራል፣ የማይሰረጉድ ይወጣል። ናይለኑ ወጣ። ከብት ሰኮና አለች አንዲት፣ እሷም ወጣች። የተቀቀለ አጥንት ድሮም እዚህ ቤት አይገባም፣ ሲሰበር እንደ መርፌ ይሾላልና። የቴኒስ ኳሱ ላይ ትንሽ አመነታሁ። ለስላሳ ነው እኮ። ግን ያ ጠጉሩ አሸዋና አቧራ ይዞ ጥርስን ቀስ እያለ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል፣ ዳማ ደግሞ ኳስ ከያዘ ውሎ ያድራል። ኳስ ለመወርወር ነው፣ ለማኘክ አይደለም። ይውጣ።

ቡቺ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ቡቺ ሰልቃጭ ነው። ለሱ ጥንካሬ ችግር ሆኖ አያውቅም፣ ምክንያቱም አያኝክም። ነገሩ አፉ ውስጥ ከገባ ወደ ሆዱ ነው፣ መሃል ላይ ያለውን ጣቢያ ዘሎት ያልፋል። ጥፍር ላይ ስርጉድ የሚለው፣ ለዳማ ደህና ነው ያልኩት ለስላሳ ነገር፣ ለቡቺ አደጋ ነው። ይሄን ለመረዳት ነው ያን ሁሉ ጊዜ የፈጀሁት። "ለውሻ የሚሆን ማኘኪያ" እያልኩ ስፈልግ የከረምኩት፣ ውሻ የሚባል አንድ ፍጡር ያለ ይመስል።

የደረቀ ቆዳ ሰጥቼው ነበር አንድ ጊዜ። ሲያርስ ሲያርሰው ቆይቶ መዳፍ የሚያህለውን ስልቅጥ። ቆዳ ሆድ ውስጥ ውሃ ሲያገኝ እንደሚያብጥ የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሟ ጋ ደወልኩ፣ ተመለከተችውና ጠብቂ አለችኝ። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ምግብ ካልፈለገ፣ ሆዱን ሲነኩት ካመመው፣ ሲያምጥ ምንም ካልወጣው፣ ሰዓቱ ምንም ይሁን ይዘሽው ነይ። እና ጠበቅኩ። ለ2 ቀን ከኋላው ከኋላው እየሄድኩ የሚጥለውን በእንጨት ስመረምር ጎረቤቶቼ ምን እንዳሉኝ አልጠየቅኩም። በሦስተኛው ቀን ወጣ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ለሱ አሁን የማየው መጠኑን ነው። አፉ ውስጥ ሙሉ ለሙሉ የሚገባ ነገር አይሰጠውም፣ እያለቀ ሄዶ ሲያጥር ደግሞ የመጨረሻዋን ቁራጭ እለውጠዋለሁ። አደገኛዋ እሷ ነች፣ የመጨረሻዋ ቁራጭ። ገመዱንም አወጣሁት። ተዘንጥሎ ክሩ ከተዋጠ አንጀትን እንደ ሰበሰቡት መጋረጃ ሊያጨማትረው ይችላል።

በነገራችን ላይ የጥርስ ቆሻሻ ይቀንሳል ተብሎ ተፈትኖ ማኅተም የሚሰጠው ማኘኪያ አለ፣ የእንስሳት ጥርስ ሐኪሞች ያሉበት ምክር ቤት ነው የሚሰጠው። ጥሩ ነገር ነው። ግን ማኅተሙ የሚሠራው ለሚያኝክ ውሻ ነው። ቡቺ ማኅተሙንም አብሮ ይውጠዋል።

ሦስተኛዋ ውሻዬ እማማ ቀላል ነች። አሮጊት ነች፣ 13 ዓመቷ፣ የቀሯትን ጥርሶች መቁጠር ያሳፍራል። እሷ ላሽ ነች። (ላሽ ስል የወጣቱን "ላሽ በል" ማለቴ አይደለም፣ መላስን ነው።) ለስላሳውን ጎማ ውስጡን የኦቾሎኒ ቅቤ ቀብቼ በረዶ ቤት አስገባዋለሁ፣ ከዚያ 40 ደቂቃ ዓይኗን ጨፍና ስትልስ ነው የምታየው። ቅቤው ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ እንዳይኖረው ጀርባውን አነባለሁ፣ ለኛ ምንም አይደለም፣ ውሻን ግን ይገድላል። ጎማው ደግሞ ሁለት ቀዳዳ ያለው መሆን አለበት። በአንድ በኩል ብቻ የተከፈተ ከሆነ ስትልሰው አየሩ ተመጥጦ ምላሷ ጎማው ውስጥ ሊያዝ ይችላል። አንድ ቀዳዳ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ሳስብ ይገርመኛል።

ቅርጫቱ ሥር አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ አገኘሁ። ረስቻት ነበር። የቡቺ የወተት ጥርስ ነች ያለችው፣ ሩዝ የምታክል፣ ምንጣፍ ላይ ያገኘኋት። ቡችላ 28 የወተት ጥርስ አለው፣ ከ4 ወር ገደማ ጀምሮ ይረግፋሉ፣ አብዛኞቹን ራሱ ይውጣቸዋል። ቡቺ አንዷን ሳይውጣት ያመለጠችው እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ያኔ እርጥብ ጨርቅ በረዶ ቤት አስገብቼ፣ ጫፉን ይዤ፣ ድዱን እያስታመምኩ ያስነከስኩት ነበር። ያኔ ያኝክ ነበር። ቡቺ ያኝክ ነበር!

እዚህ ላይ ነው ቆም ያልኩት።

መቼ ነው መሰልቀጥ የጀመረው? ዳማ ከመጣ በኋላ ነው። ሦስቱንም አንድ ላይ አንድ ክፍል ውስጥ እሰጣቸው ነበር፣ ፍቅር መስሎኝ። ዳማ የራሱን ቀጭ አድርጎ ይጨርስና ወደ ቡቺ ያያል። አይነጥቅም፣ አይጮህም፣ ያያል ብቻ። ቡቺ ጥርግ ያደርገዋል። አሁን ለየብቻ በር ዘግቼ ስሰጣቸው፣ ቀስ አለ እኮ። ሙሉ በሙሉ አይደለም። ግን አንዳንዴ በሩ ላይ ጆሮዬን ስጥል፣ ማላመጥ ይሰማኛል።

እና እኔስ?

የቤታችን የመጨረሻ ልጅ ነኝ። ነገር እኔ ጋ ሲደርስ ሁሌም ማለቂያው ላይ ነበር፣ ወሬውም፣ ተራውም። ስናገር ቶሎ ቶሎ ነው፣ ሳይቋረጥብኝ። ስሰማም እንደዚያው። ታላቄ ትናንት ማታ የ11 ደቂቃ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። 11 ደቂቃ! ዕቃ እያጠብኩ ፍጥነቱን እጥፍ አድርጌ ሰማሁት፣ እሷ እንደ ካርቱን እየተንጫጫች፣ ከዚያ በእርጥብ ጣቴ "እሺ" ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው መለሰች።

"ሰማሽው ግን?"

ሰምቼዋለሁ። ውጬዋለሁ። ቃል በቃል ልደግምላት እችላለሁ። ግን አሁን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጉሮሮዬ ላይ የቆመው እሱ መሰለኝ፣ ያላላመጥኩት። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ገደማ ዝም ብላ ነበር። በእጥፍ ፍጥነት አንድ ትንፋሽ ነው ያ ዝምታ። በልኩ ቢሰማ ስንት ሰከንድ ነበር? ውሾቼ ዝም ሲሉ ዘልዬ የምነሳ ሰው፣ እሷ ዝም ስትል ሳህን እያለቀለቅኩ ነበር።

ደግሞ ሰው ሁሉ እንደየማኛኘኩ መሆኑ ነው የሚገርመኝ። ታላቄ ላሽ ነች፣ አንድን ነገር ይዛ ዓመት ትልሰዋለች፣ አባታችን ቆርጣሚ ነበር፣ ያልተቆረጠመለት ነገር አልነበረም፣ ጥርሱ እስኪያልቅ። እኔ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ነው የምሰጠው። "እሺ" ነው የምሰጠው። ለስላሳ ነው፣ በጥፍር ይሰረጉዳል፣ ግን ትንሽ ነው፣ በጣም ትንሽ፣ አንድ ጉርሻ የማይሞላ። ይታነቁበት ይሆን?

ልደውልላት? በዚህ ሰዓት? ደንግጣ ትሞታለች። ነገ፣ በልኩ ፍጥነት ደግሜ እሰማውና።

ይሄን ሁሉ የጻፍኩት በእስክሪብቶ ነው፣ ነገ ቁጭ ብዬ እገለብጠዋለሁ። አሁን ቀና ስል ዳማ እያየኝ ነው። አይጮህም፣ ያያል ብቻ። ምን እንደሚያይ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። የእስክሪብቶውን ክዳን እያኘክሁ ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም፣ ጫፉ ጠፍጥፏል። አወጣሁትና በጥፍሬ ተጫንኩት። አይሰረጉድም። አፍ ውስጥ ሙሉ ለሙሉ ይገባል። ክዳኑ ጫፍ ላይ ያለችው ቀዳዳ ሰው ቢያንቀው አየር እንድታሳልፍ ተብላ ነው፣ አንድ ነች፣ እሷንም ጠፍጥፌ ዘግቻታለሁ።

በራሴ ሕግ መሠረት ይሄ ነገር ከኔ መወሰድ አለበት። ግን ክልክል ነው፣ አይነጠቅም፣ በሌላ ነው የሚለወጠው። በምን?