የሐረር ብር በሚዛን

ጀጎል ውስጥ የብር ጌጥ የሚሸጥ ሰው ከመሳቢያው መጀመሪያ የሚያወጣው ሚዛኑን ነው። ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ በሚያስገባው በመኪና ግርግር፣ የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ሲንጣጣ እየሰማሁ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ሱቅ ገባሁ። ስለ አንድ አሮጌ ድሪ ብጠይቅ ባለሱቁ ከመመለሱ በፊት ድሪውን ትንሿ ሚዛን ላይ ጣለው። ግራሙን አነበበ፤ በዕለቱ ዋጋ አባዛ፤ "ይኸው ነው ወንድሜ" አለኝ። ማን ሠራው፣ ስንት ዘመን ቆየ፣ የማን አንገት ላይ ዋለ የሚለው ሂሳቡ ውስጥ አልገባም።

ጥግ ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ የሚያነቡ ሽማግሌ ነበሩ። በወጣትነታቸው ብር ሲያነጥሩ የኖሩ ናቸው። "ሐጂ፣ ይህ እውነት አሮጌ ነው?" አልኋቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አውጥተው መሐል ላይ ያለውን ትልቁን ጌጥ አላዩትም፤ በቀጥታ ማያያዣ ቀለበቶቹን ነው የፈተሹት። ቀለበት ከቀለበት ጋር ሲፋተግ የኖረ ድሪ መገናኛው ላይ ይሳሳል፤ አንዳንዱም ሊበጠስ ደርሶ እንደ ክር ይቀጥናል። ይህን ማስመሰል ይቻላል፣ ግን ቀለበት በቀለበት በሞረድ ለማሳሳት የሚጠፋው ጊዜ ከትርፉ ይበልጣል።

ጥቁረቱ ግን ቀላሉ ማታለያ ነው። ብር ድኝ ሲያገኘው ስለሚጠቁር፣ አዲስ ጌጥ ከተቀቀለ እንቁላል አስኳል ጋር ተዘግቶ ቢያድር እንኳ በአንድ ሌሊት "ያረጃል"። ስለዚህ መታየት ያለበት የጠቆረው የት እንደሆነ ነው። ቆዳና ልብስ ሲያሹት የኖሩት ጉብታ ይነጣል፤ ጥቁረቱ የሚሸሸገው በስርጉዱና በብር ሽቦው ጥልፍ ሥር ነው። ጀርባው፣ ፊቱና ጎኑ እኩል የጠቆረ ጌጥ ሲያጋጥመኝ አሁን መልሼ አስቀምጣለሁ።

ሐጂ የነገሩኝ ሌላም ነገር አለ፤ እኔ ለብቻዬ ብሆን ልብ የማልለው። አሮጌው የአገር ጌጥ በአብዛኛው የተሠራው ከቀለጠ ማርትሬዛ፣ የማሪያ ቴሬዛ ምስል ካለበት የዱሮ ጠገራ ብር፣ ነው። ጠገራው ራሱ ከ1,000 እጅ 833ቱ ብቻ ንጹሕ ብር ነው፤ ሲቀልጥና ሲበየድ ደግሞ ሌላ ማዕድን ይጨመርበታል። ስለዚህ ጌጡ በአሲድ ተፈትኖ የዛሬው የብር ጌጥ መለኪያ ከሆነው ከ925 ቢያንስ ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም። ይልቁንስ "የአያቴ ነው" በተባለ የሐረር አምባር ላይ 925 የሚል ማኅተም ተመትቶ ከተገኘ አያትየዋ በሕይወት ሳይኖሩ አይቀሩም።

ማርትሬዛውን በተመለከተ ጎብኚ የሚሳሳተው በዓመተ ምሕረቱ ነው። ሁሉም ላይ 1780 ተጽፏል፤ የኦስትሪያዋ ገዥ ማሪያ ቴሬዛ ያረፉበት የፈረንጆች ዓመት። ከዚያ ወዲህ ያንኑ ቁጥር እየያዘ ከቪየና ሌላ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስ፣ በቦምቤይ ታትሟል። ሙሶሊኒም ኢትዮጵያን ሊወር ሲነሣ ሮም ውስጥ አሳትሞታል። ስለዚህ ቁጥሩ ስለ ዕድሜው ምንም አይናገርም። ክብደቱ ግን 28 ግራም ከጥቂት መሆን አለበት፤ ጠርዙ ላይም "በፍትሕና በርኅራኄ" የሚለው የላቲን መፈክራቸው ጎላ ብሎ በጣት ሊዳሰስ ይገባል። በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ሐሰተኛ ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው እዚህ ጠርዙ ላይ ነው። የዱሮ ነጋዴዎችም የትከሻዋን ጌጥ ዕንቁዎች ሳያዩ አይቀበሉም ነበር ይባላል፤ ምኒልክ የራሳቸውን ምስል የያዘ ብር በፓሪስ ካሳተሙ በኋላም ገበያው ይቺኑ ሴትዮ መምረጡን አልተወም።

ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ቤታቸውን አሳዩኝ። ቀይ ቀለም በተቀባው መደብ ላይ ተቀምጬ ግድግዳው ሙሉ የተሰቀለውን የስፌት ሥራ ሳይ፣ "ገልብጠህ እይ" አሉኝ። ለዓመታት የተሰቀለ ስፌት ፊቱ ደብዝዞ ግድግዳውን ያየው ጀርባው ቀለሙን ይዞ ይገኛል፤ ከሁለቱም በኩል እኩል የደመቀው አዲስ ነው። ትልልቅ ቢጫ ዶቃዎችም ነበሯቸው። አምበር የሚባሉት እነዚህ ዶቃዎች በምሥራቁ አገር በብዛት ይታያሉ፤ ብዙዎቹ ግን ከ100 ዓመት ወዲህ ከአውሮፓ ፋብሪካ የወጡ ናቸው። ጨው በብዛት የሟሟበት ውኃ ላይ እውነተኛው ይንሳፈፋል፣ የፋብሪካው ይሰጥማል። ሙከራውን እርሳቸው ቤት ለማድረግ ድፍረቱ አልነበረኝም።

በማግስቱ በራስ ተፈሪ ቤት ወደሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም ሄድኩ። አንድ ሰው ለዓመታት በግሉ የሰበሰበው ጽሑፍ፣ ሳንቲምና ጌጥ እዚያ አለ። የሐረር አሚሮች ያሳተሙትን ማሐለቅ ያየሁት እዚህ ነው፤ አንድ ከተማ የራሷን ገንዘብ ስታወጣ የነበረበትን ዘመን በጣት ጥፍር ስፋት የያዘ ነው። ይህ ማሐለቅ መኪና ግርግር ሚዛን ላይ ቢቀመጥ የሻይ ዋጋ እንኳ ያወጣ ይሆን?

ወደ ሱቁ ተመልሼ ለድሪው ከሚዛኑ በላይ ልክፈል ስለው ባለሱቁ ተጠራጠረኝ። "ለምን?"
"እንዳታቀልጠው።"
ሳቀ። "ያንተ ባይቀልጥ የጎረቤቴ ይቀልጣል። ሙሽሮች የሚፈልጉት አዲስ ነው።"

እውነቱን ነው። በእጅ የተሳበ ሽቦ፣ አንድ በአንድ የተበየደ የብር ፍሬ፣ የተሰበረ ቀለበት፣ ሁሉም በግራም አንድ ዋጋ እስካወጣ ድረስ እሳት ውስጥ ቢገባ ባለሱቁ የሚከስረው ነገር የለም። ሕጉ የሚጠብቀው ሌላውን በር ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፣ ቦሌም ላይ ሻንጣ ይፈተሻል። አገር ውስጥ፣ ሱቅ ጀርባ ያለውን ማቅለጫ የሚፈትሽ ሲኖር አላየሁም።

ስመለስ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ጎራ አልኩ። ከሽቶና ከሞባይል መሸፈኛ መካከል የሐረሩን ድሪ የሚመስል፣ ቁርጥ እሱን፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተደርድሯል። ልጁን ብር ነው ወይ አልኩት። ምንም አላፈረም፤ "አይደለም፣ ግን አይጠቁርም" አለኝ። እዚያው እየቆምኩ ሁለት ሴቶች ገዝተው ሄዱ።