ሲምኮና አማሪሎ ሲጠፉ፦ ለደብል አይፒኤ ምትክ ሆፕ የመረጥኩበት መንገድ

ደብል አይፒኤ የሚባለው ጠንካራ ቢራ ያለ ሆፕ (ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው የተክል አበባ) ምንም አይደለም። አልኮሉ ከ7.5 እስከ 10 በመቶ ይደርሳል፣ ምሬቱ ጠንከር ያለ ነው፣ መዓዛው ደግሞ ብርጭቆው ከንፈር ሳይነካ አፍንጫ ይሞላል። ልጠምቀው የተዘጋጀሁት የ20 ሊትር ሬሲፒ አራት ዓይነት ሆፕ ይጠይቅ ነበር፦ ለምሬት ኮሎምበስ፣ ለጣዕምና ለመዓዛ ሲምኮ፣ ሴንቴኒያልና አማሪሎ። ከአራቱ ያገኘሁት ሴንቴኒያልን ብቻ ነው። ብቅሉና እርሾው ተዘጋጅቶ ስለነበር ሦስቱን መተካት ግድ ሆነብኝ።

የሆፕ እጥረት እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 በዓለም ገበያ ሆፕ ጠፍቶና ተወዶ ብዙ ትንንሽ ጠማቂዎች ሬሲፒያቸውን ሳይወዱ ቀይረዋል። በደህናው ጊዜም ቢሆን ሲምኮና አማሪሎ ባለቤት ያላቸው ዝርያዎች ስለሆኑ ለብዙ ዓመታት ማንም ተነስቶ አይተክላቸውም ነበር፤ የሚያመርቱት ፈቃድ የተሰጣቸው ገበሬዎች ብቻ ነበሩ። ካስኬድ፣ ሴንቴኒያልና ቺኑክ ግን ለሁሉም ክፍት ናቸው፣ በብዙ ቦታም ይበቅላሉ። ምትክ ስፈልግ መጀመሪያ ወደ እነሱ የምሄደው ለዚህ ነው።

የምትክ ሰንጠረዦች ስምን በስም ይተካሉ። መነሻ ለመያዝ ጥሩ ናቸው፤ ሆፑ ድስት ውስጥ የሚገባው መቼ እንደሆነ ግን አይጠይቁም። ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው። አንድ ሆፕ ለአንድ ሰዓት ሲፈላ የሚሠራው ሥራና መብላላቱ ካለቀ በኋላ ቀዝቃዛ ቢራ ውስጥ ሲነከር የሚሠራው ሥራ ፈጽሞ አይገናኙም። ስለዚህ ከስሙ በፊት፣ «ይህ ሆፕ እዚህ ቦታ ላይ ምን ሊሠራ ነበር የገባው?» ብዬ በየተራ ጠየቅሁ።

ቀላሉ ኮሎምበስ ነበር። ለ60 ደቂቃ የሚፈላ ሆፕ መዓዛ የሚሰጡትን ዘይቶች አብዛኞቹን ከእንፋሎት ጋር ያጣል። የሚቀረው አልፋ አሲድ ነው፤ እሱም በሙቀቱ ቅርጹን ለውጦ ምሬት ይሆናል። እዚህ ቦታ ላይ ስሌት ይበቃል። ሬሲፒው 15 በመቶ አልፋ ያለው ኮሎምበስ 40 ግራም ይላል፤ ይህ 6 ግራም አልፋ አሲድ ነው። በምትኩ ያገኘሁት ማግነም የተባለ ሆፕ እሽጉ ላይ 12 በመቶ ተጽፎበታል፤ ስለዚህ 50 ግራም ያስፈልገኛል። የወሰድኩት የእሽጉን ቁጥር እንጂ ከሰንጠረዥ ላይ ያለውን አማካይ አይደለም፣ ምክንያቱም አልፋ በየምርት ዘመኑ ከፍና ዝቅ ይላል። 6 በመቶ አልፋ ባለው ካስኬድ ብተካው ኖሮ 100 ግራም መጨመር ነበረብኝ። ምሬቱ ይመጣል፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ቅጠል ብዙ ዎርት (ገና ያልተብላላውን የብቅል ፈሳሽ) መጥጦ ያስቀራል፣ ለረጅም ጊዜ ሲፈላም የሣር ጣዕም ይተዋል። ለጠንካራ ቢራ ምሬት አልፋው ከፍ ያለ ሆፕ ብቻ ነው የምጠቀመው።

ከቀላል ቢራ ሬሲፒ ሆፕ ለሚዋስ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ዎርቱ በስኳር በወፈረ ቁጥር ከአልፋው ውስጥ ወደ ምሬት የሚለወጠው ያንሳል። ብዙ የቤት ጠማቂዎች በሚያሰሉበት በቲንሴት ቀመር፣ በሃይድሮሜትር (የፈሳሽ ጥግግት መለኪያ) 1.050 በሚያሳይ ዎርት ውስጥ ለ60 ደቂቃ የፈላ ሆፕ ከአልፋው 23 በመቶ ያህሉን ይሰጣል። የእኔ 1.075 ስለነበር ወደ 18.4 በመቶ ይወርዳል። 6 ግራም አልፋ በ20 ሊትር ውስጥ ከዚህ የመጀመሪያ ጭማሪ 55 አይቢዩ (የቢራ ምሬት መለኪያ) ያህል አወጣልኝ። የቀላል ቢራን ግራም እንዳለ ቢገለብጡት ምሬቱ ሳይታሰብ ይለሰልሳል።

ሲምኮ ግን በስሌት አይተካም። ብዙ ጊዜዬን የወሰደው እሱ ነው፤ ደግሞም ደስ የሚለኝ የሥራው ክፍል ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ይህ ዝርያ በአንድ ፍሬ ሁለት ጠባይ ይዟል። በአንድ በኩል ከጥድ ሙጫና ከእርጥብ አፈር የሚመጣ የሚመስል ጠንካራ ሽታ አለው፣ በሌላ በኩል ፓሽን ፍሩት የሚያስታውስ ፍሬያማነት። አንድ ሆፕ ሁለቱንም እንዲሰጠኝ መጠበቅ ትክክል አልመሰለኝም። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ከፈልኩት፦ ለጥዱ ቺኑክ፣ ለፍሬው ሞዛይክ። ሞዛይክ እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ የቀረበ ሲሆን የሲምኮ ልጅ ነው፤ ዝምድናው መዓዛው ላይ ይሰማል፣ ግን ወደ ማንጎና ወደ እንጆሪ መሰል ፍሬዎች ያዘነብላል፣ የእናቱ የጥድ ሙጫም አንሶበታል። ያንን የጎደለውን ቺኑክ ይሞላዋል።

መጠኑን በግምት መወሰን አልፈለግሁም። ጣዕሙ ለስለስ ያለ፣ ሆፕ የማይሰማበት ቢራ በጠርሙስ ገዛሁ። በደንብ አቀዘቀዝኩት፤ ካልቀዘቀዘ ፔሌቱ (ተፈጭቶ የተጠቀጠቀው ሆፕ) ሲገባ አረፋው ገንፍሎ ይወጣል። ከዚያ በየጠርሙሱ አንድ ግራም ያህል ፔሌት ጨምሬ መልሼ ከደንኩ። አንዱ ውስጥ ቺኑክና ሞዛይክ እኩል፣ ሌላው ውስጥ አንድ እጅ ቺኑክ በሁለት እጅ ሞዛይክ፣ አንዱን ደግሞ ለማነጻጸሪያ ምንም ሳልጨምርበት ተውኩት። ጥቂት ቀናት ቆይተው ሲቀመሱ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለቀማሹ አልነገርኩም። እኩል የሆነው ላይ ቺኑክ ሞዛይክን ዋጠው፤ ግሬፕፍሩትና ጥድ ብቻ ነበር የሚሸተው። አንድ ለሁለቱ ግን ጥዱን ከኋላ አስቀምጦ ፍሬውን ከፊት አመጣ። እሱን መረጥኩ። ለእንዲህ ያለ ሙከራ ከጥቂት ጠርሙስ በላይ አይጠፋም፣ ስለ ሆፕ የሚያስተምረው ግን ከማንኛውም ሰንጠረዥ ይበልጣል።

አማሪሎ ላይ የምፈልገው ብርቱካንና የአበባ ሽታ ነበር። ሲትራ ነበረኝ፣ ግን ከሞዛይክ ጎን ሌላ ኃይለኛ የሞቃት አገር ፍሬ ማስገባት ቢራውን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚጎትተው መሰለኝ። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ካስኬድ አበባ አለው፣ ጨዋ ነው፤ ግሬፕፍሩቱ ከአማሪሎ ብርቱካን ትንሽ ሸካራ ቢሆንም አጠገቡ ያለው ሴንቴኒያል ያግዘዋል። እዚህ በአልፋ ማስላት ያሳስታል። የአማሪሎ አልፋ 9፣ የካስኬድ 6 በመቶ ስለሆነ ብቻ አንድ ተኩል እጥፍ መጨመር የለበትም፣ ምክንያቱም የምፈልገው ዘይቱን ነው። የካስኬድ ዘይት በጥቅሉ ከአማሪሎ ስለሚያንስ በክብደት አንድ አምስተኛ ያህል ከፍ አደረግሁት። እሳቱ ከጠፋ በኋላ የሚገባውን ድርሻ ዎርቱ ወደ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪወርድ ጠብቄ ጨመርኩ፤ ከፈላ ዎርት ጋር ሲነጻጸር እዚያ ሙቀት ላይ አልፋው ወደ ምሬት የሚለወጠው በዝግታ ነው፣ ዘይቱም አይሸሽም።

በመሐል አንድ ያረጀ የሲምኮ እሽግ ተገኝቶ ነበር። ሽፋኑ ተከፍቶ የቆየ፣ አረንጓዴው ወደ ቡናማ የዞረ። ሳሸተው ያረጀ አይብ ሸተተኝ፤ አልፋ አሲድ አየር ሲያገኘው የሚመጣ ሽታ ነው። ስሙ ልክ ስለሆነ ብቻ አልወሰድኩትም። አየር በሌለው እሽግ ቀዝቅዞ የተቀመጠ፣ አረንጓዴነቱ ያልጠፋ ካስኬድ ከእንዲህ ያለ ሲምኮ በሁሉም ነገር ይሻላል።

ብቅሉን፣ እርሾውንና ውሃውን ሆን ብዬ አልነካኋቸውም። ሆፕ እየተካሁ እርሾ ብቀይር ልዩነቱ ከየት እንደመጣ በምን አውቃለሁ?

መብላላቱ ሲያበቃ የነከርኩት ሆፕ በሊትር 7 ግራም ነበር፦ ሞዛይክ 50፣ ሴንቴኒያል 35፣ ካስኬድ 30፣ ቺኑክ 25 ግራም። ለሦስት ቀን ብቻ ነው የቆየው። ከዚያ በኋላ ጠርሙስ ውስጥ ለመክተት አልቸኮልኩም። ሆፕ ውስጥ እርሾ ሊበላው ያልቻለውን ዴክስትሪን (ረጅም የስኳር ሰንሰለት) የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች አሉ፤ ብራውንና ሞሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንን እ.ኤ.አ. በ1893 ጽፈውታል። ብዙ ሆፕ የተነከረበት ቢራ ያለቀ መስሎ እንደገና መብላላት ሊጀምር ይችላል፣ በዚህ መሐል ጠርሙስ ውስጥ የታሸገ ቢራም ጠርሙሱን ሊያፈነዳ ይችላል። ሃይድሮሜትሩ በተከታታይ ቀናት አንድ ዓይነት ቁጥር እስኪያሳየኝ ጠበቅሁ፤ 1.013 ላይ ቆመ፣ አልኮሉም 8 በመቶ አካባቢ ሆነ።

ቢራው በአማሪሎና በሲምኮ ሊወጣ የነበረው አልሆነም፤ እንዲሆንም አልጠበቅሁም። የማግነም ምሬት ንጹሕና ቀጥ ያለ ነው፤ በዚያ ቦታ ኮሎምበስን አልናፈቅሁም። ፍሬው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግሩም ነበር። ቺኑክ ግን ለስላሳው የሙከራ ቢራ ላይ ከታየው ይልቅ 8 በመቶ አልኮል ባለበት ቢራ ውስጥ ጎልቶ ወጣ፣ ጥዱም ከጉሮሮ ቶሎ አይወርድም። ስለዚህ በሚቀጥለው ጠመቃ የሚነከረውን ቺኑክ ከ25 ወደ 10 ግራም አወርደዋለሁ፤ የቀረውን 15 ግራም እሳቱ ከጠፋ በኋላ ድስቱ ውስጥ አስገባዋለሁ፣ ሞዛይኩንም ወደ 65 አደርሰዋለሁ። ካስኬዱ ባለበት ይቆያል።